መውጫ ያጣ ውሃ፦ በደሴ አንድ በረንዳ ላይ በኮኮፒት የተተከሉ አትክልቶች ጉዳይ

ይህን ጉዳይ የምመዘግበው በብዙ ቤት ስለሚደጋገም ነው። ሰው በባልዲ ኮኮፒት (ከኮኮናት ልባስ የሚሠራ፣ በአፈር ፈንታ የሚተከልበት ነገር) ሞልቶ አትክልት ይተክላል። ተክሉ ይጠወልጋል። የጠማው መስሎት ውሃ ይጨምርለታል። ጭራሽ ይብሳል። በመጨረሻ «ይሄ ነገር ለእኛ አገር አይሆንም» ተብሎ ባልዲው ለልብስ ማጠቢያ ይመለሳል። የዚህ ቤት ታሪክ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ባለጉዳዮቹ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውንና ሰፈራቸውን አልጠቅስም።

ቤቱና ሰዎቹ

ቦታው ደሴ ነው። ባለጉዳይዋ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ከእናቷ ጋር በኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። በረንዳቸው ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ነው። እናትየው ከገጠር ከመጡ ወዲህ ጓሯቸው ይናፍቃቸዋል። ለቡና የሚሆን ጤና አዳም፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ከደጃቸው መቁረጥ ነው ፍላጎታቸው። ልጅቷ ደግሞ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያና እንጆሪ አማራት።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ይበረታል፤ ጉሙም ከጦሳ ተራራ ላይ ወርዶ ቶሎ አይገፈፍም። የረጠበ ልብስ ሁለት ሦስት ቀን ገመድ ላይ ይከርማል። ልብስ የማይደርቅበት አየር ደግሞ ባልዲ ውስጥ ያለን ውሃም አያደርቅም። ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ይህ ነው።

ለምን ኮኮፒት?

መጀመሪያ ያሰቡት አፈር ነበር። የአካባቢው መረሬ አፈር በ20 ሊትር ባልዲ ተሞልቶ ውሃ ሲጠጣ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ያንን አሥራ ምናምን ጊዜ ደረጃ ማውጣት ቀላል አይደለም። በረንዳውም አይታመንም። መረሬ በዕቃ ውስጥ ሲሆን ሲረጥብ ይላቁጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ኮኮፒት በዚያው ባልዲ ውሃ ጠጥቶ እንኳ የዚያን ግማሽ ያህል ነው የሚከብደው። ስለዚህ ምርጫቸው ትክክል ነበር እላለሁ።

ኮኮፒት የሚሠራው ከኮኮናት ፍሬ የውጭ ልባስ ነው። ረጅሙ ጭረት ለገመድና ለምንጣፍ ይወሰዳል፤ የሚተርፈው ደቃቅና አጭር ጭረት ተጨምቆ እንደ ጡብ ይታሸጋል። በብዛት የሚመጣው ከሕንድና ከስሪላንካ ነው። 5 ኪሎው ብሎክ ከ20 እስከ 25 ሊትር ውሃ ሲጠጣ ተነፍቶ ከ60 እስከ 75 ሊትር ይሆናል። የራሱን ክብደት ስምንት እጥፍ ያህል ውሃ መያዝ ይችላል። ይህ ጠባዩ ነው በአንድ በኩል የሚያስወድደው፣ በሌላ በኩል ጣጣ የሚያመጣው።

ሁለተኛ ጠባዩ ጨው ነው። ኮኮናት የባሕር ዳርቻ ዛፍ ነው። ልባሱ ብዙ ጊዜ የሚዘፈዘፈው ጨዋማነት ባለው ውሃ ውስጥ ነው፤ በተፈጥሮውም ፖታሲየምና ሶዲየም ይበዛበታል። ጥሩ አምራች ያጥበዋል፣ በካልሺየምም ያክመዋል። እነዚህ ሰዎች ከአዲስ አበባ ያስመጡት ብሎክ ላይ ግን ታጥቧል ወይም አልታጠበም የሚል ጽሑፍ አልነበረም። ውሃ አጠጥተው፣ አፍታተው፣ ወዲያው ተከሉበት።

ችግሩ እንዴት ጀመረ

የተከሉት በግንቦት ነበር። ዕቃዎቹ የ20 ሊትር የቀለም ባልዲዎችና በቁመታቸው የተሰነጠቁ የዘይት ጀሪካኖች ናቸው። የባልዲዎቹ ቂጥ በጋለ ሚስማር ስምንት ስምንት ቦታ ተበስቷል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ይሉ ነበር። ቆስጣው ተንዠረገገ፤ ቃሪያው አበበ።

ጣጣው የመጣው ከታች ቤት ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ አንዲት አዛውንት ይኖራሉ። በረንዳቸው ላይ ልብስ ያሰጣሉ፣ በርበሬም ያሰጣሉ። አዲስ ኮኮፒት ሲጠጣ የሚያንጠባጥበው ውሃ ቡናማ ነው፤ ከልባሱ የሚወጣ ቀለም አለው። ያ ውሃ በበረንዳው ጠርዝ እየወረደ የአዛውንቷን ነጭ ጋቢ አዥጎረጎረው። እሳቸው አልተቆጡም። ደረጃውን ወጥተው ጋቢውን አሳዩ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ለአረፋ የታጠበ ነበር» አሉ። መምህርቷ «ይቅር ይበሉኝ እማማ» ብላ ጋቢውን ተቀብላ ራሷ አጠበችው።

በማግስቱ ከእያንዳንዱ ባልዲ ሥር ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሳፋ አስቀመጠች። ጠብታው ቆመ። ጉርብትናው ተረፈ። ተክሎቹ መሞት የጀመሩት ግን ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ይህን አሳምሬ መናገር እፈልጋለሁ። ሳፋውን ያስቀመጠችው ባለማወቅ አይደለም። ከጎረቤት ጋር ላለመጣላት ነው፤ ማናችንም ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር። ስለ ውሃ ማስወጫ የተጻፉ ምክሮች ብዙዎቹ «ቀዳዳ ይኑረው» ብለው ያቆማሉ። ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ዋናው ጥያቄ የሚነሳው ከቀዳዳው በኋላ ነው። ውሃው ከወጣ በኋላ የት ይሂድ?

ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ ሳፋዎቹ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኑ። ዝናቡ በነፋስ እየገባ ይሞላቸዋል። የቆስጣው የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። የሰላጣው ቅጠል ጠርዙ ተቃጠለ። ትናንሽ ጥቋቁር ዝንቦች ባልዲዎቹ ላይ መብረር ጀመሩ። ቃሪያው ያፈራው ጥቂት ፍሬ ጫፉ ጠቁሮ ተሸበሸበ። የጥብስ ቅጠሉ ከሥሩ ጀምሮ ደረቀ።

እኔ ከመጠራቴ በፊት የተሞከረው

አራት ነገር ተሞክሯል። አራቱም ቅን ምክር ነበሩ፤ አራቱም አልረዱም። ምክንያታቸው ለየቅል ስለሆነ በየተራ ማየቱ ይበጃል።

አንደኛው ጠጠር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዋ «ከታች ጠጠር አድርጊበት፣ ውሃው ይጠፍፍልሻል» አላት። ሦስት ባልዲ ገልብጣ ከታች አንድ ስንዝር ያህል ጠጠር ሞላች፤ ኮኮፒቱን ከላይ መለሰች። እነዚያ ሦስቱ ከሌሎቹ ቀድመው ሞቱ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ተጨማሪ ቀዳዳ ነው። ባልዲው ሳፋ ውስጥ ውሃ ላይ ተቀምጦ ሳለ ቀዳዳ ማብዛት የሚያስወጣው ነገር የለም። እንዲያውም የሳፋው ውሃ በብዙ በር ይገባል።

ሦስተኛው ዩሪያ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን «ምግብ አነሰው» ተባለ፤ እፍኝ የማትሞላ ዩሪያ በየባልዲው ተነሰነሰ። ዩሪያ ተክሉ እንዲጠቀምበት መጀመሪያ በጥቃቅን ተሕዋስያን መለወጥ አለበት። አየር በሌለው ቀዝቃዛ ኮኮፒት ውስጥ ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆምና አሞኒየም ይከማቻል። የታመመ ሥር ላይ ይህ ተጨማሪ ቃጠሎ ነው።

አራተኛው ውሃ ጨርሶ መከልከል ነው። ይህኛው ለእውነት ይቀርብ ነበር። ግን ሳፋው አልተነሳም። ውሃው ከላይ እየተነነ ጨዉን እዚያው ትቶት ይሄዳል። የባልዲው ፊት ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋገረ። አዲስ የተተከሉት ችግኞች ሥራቸው ገና ከላይ ስለሆነ በጥማት ሞቱ። ከታች ደግሞ ረግረግ ነው።

ባልዲው ሲገለበጥ

በሐምሌ አጋማሽ በረንዳው ላይ ቆመን አንዱን የቃሪያ ባልዲ ጋዜጣ ላይ ገለበጥነው። ኮኮፒቱ የባልዲውን ቅርጽ ይዞ አንድ ላይ ወጣ። ከላይ ሁለት ጣት ያህል ፈዛዛና ደረቅ ነው፤ በእጅ ሲነኩት ይበተናል። መሐሉ ጥሩ ነው፤ እርጥብ፣ ቡናማ፣ ነጫጭ ሥሮች የተረጩበት። ከታች አራት ጣት ያህሉ ግን ጥቁር ነው። ይሸታል፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ። አንዷን ሥር ያዝ አድርጌ ስስባት ልባሷ ተገፎ እጄ ላይ ቀረ፤ ውስጧ ያለችው ቀጭን ክር ብቻ ተንጠልጥላ ቀረች። ይህ በውሃ ውስጥ የታፈነና የበሰበሰ ሥር ምልክት ነው።

እናትየው ይህን ሲያዩ «ላዩ ደርቆ ሥሩ ረግረግ! እኛ ላዩን እያየን ነበር የምናጠጣው» አሉ። የችግሩን ግማሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ኮኮፒት ከላይ ፈጥኖ ይፈዝዛል። ቀለሙ ግን ከታች ስላለው ውሃ ምንም አይናገርም።

ጠጠሩ ለምን እንደጎዳ ለማስረዳት የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ተጠቀምን። ስፖንጁን ውሃ ውስጥ ነክረው በአግድም ይያዙት። የሚንጠባጠበው ተንጠባጥቦ ይቆማል። አሁን በቁመቱ ያቁሙት። ሳይጨምቁት እንደገና ይንጠባጠባል። ከዚያ ይቆማል፤ የታችኛው ጫፍ ግን አሁንም እንደጠገበ ነው። ኮኮፒትም ባልዲ ውስጥ እንዲሁ ነው። ከታች ሁልጊዜ የሚቀር የጠገበ ንጣፍ አለ። የንጣፉ ውፍረት የሚወሰነው በኮኮፒቱ ደቃቅነት እንጂ በባልዲው ቁመት አይደለም። ደቃቅ ከሆነ ንጣፉ ይወፍራል።

ጠጠር ከሥር ሲደረግ ውሃው ከደቃቁ ኮኮፒት ወደ ሰፋፊው የጠጠር ክፍተት ዝም ብሎ አይወርድም። ከላይ ያለው እስኪጠግብ እዚያው ይንጠለጠላል። ስለዚህ ንጣፉ አይጠፋም፤ ወደ ላይ ከፍ ይላል። 30 ሣንቲ ሜትር ቁመት ያለው ባልዲ ውስጥ 10 ሣንቲ ሜትር ጠጠር ቢገባ ለሥር የቀረው 20 ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ የታችኛው ክፍል የጠገበ ነው። የሦስቱ ባልዲዎች ቀድሞ መሞት ከዚህ የመጣ ነው።

የቃሪያው ጫፍ መጥቆር ለብቻው ሊታይ ይገባል። ይህ በሽታ ሳይሆን የካልሺየም እጥረት ነው። ካልሺየም ወደ ፍሬው የሚሄደው ከውሃ ጋር ነው፤ የታፈነ ሥር ደግሞ ውሃ አይስብም። ያልታከመ ኮኮፒት በበኩሉ ካልሺየምና ማግኒዚየምን ወደ ራሱ ይዞ በምትኩ ፖታሲየምና ሶዲየም ይለቃል። ሁለቱ ተደራርበው ነበር።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ የተነሳው ሳፋው ነው። ባልዲዎቹ በሁለት ሁለት ጣውላ ላይ ተሰቀሉ፤ ከሥራቸው አየር ገባ። ቀዳዳዎቹ ከቂጥ በተጨማሪ በጎን፣ ከታችኛው ጠርዝ ላይ ተበሱ። ባልዲ ሲሚንቶ ላይ ልጥፍ ብሎ ሲቀመጥ የቂጥ ቀዳዳ ይደፈናል፤ የጎን ቀዳዳ ግን አይደፈንም።

ቀጥሎ የውሃው መንገድ ተሠራ። ቆርቆሮ ሠሪ ጋ ተሄዶ ከላሜራ የታጠፈ አሸንዳ ተሠራ። በረንዳውን በሙሉ ከጣውላዎቹ ሥር ያካልላል። በሜትር 2 ሣንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ ተሰቅሏል፤ በሦስት ሜትር 6 ሣንቲ ሜትር ማለት ነው። ጫፉ ክዳን ባለው ጀሪካን ውስጥ ይገባል። የጀሪካኑ አፍ ላይ የመስኮት ወንፊት ታስሯል፤ ቅጠል እንዳይደፍነው፣ ትንኝም እንዳይራባበት። ብዙ ወጪ የጠየቀው ሥራ ይህ ብቻ ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። ውሃው ጎረቤት ሳይነካ መውጣት ካልቻለ ሌላው እርምጃ ሁሉ ከንቱ ነበር።

ሦስተኛው እጥበት ነው። ለእጥበት ብዙ ውሃ ያስፈልጋል፤ የቧንቧው ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው። ክረምት መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመ። ከጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በበርሜል አጠራቀሙ። የዝናብ ውሃ ጨው የለውም ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ሥራ ከቧንቧውም ይሻላል። ኮኮፒቱ በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልቶ፣ ከላይ እየፈሰሰበት ከታች እየወጣ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ታጠበ።

ውሃ ብቻውን ግን ለቆ የሚወጣውን ጨው ነው የሚያጥበው። ከኮኮፒቱ ጋር ተጣብቆ ያለውን ሶዲየምና ፖታሲየም የሚያስለቅቀው ካልሺየም ነው። ስለዚህ በ10 ሊትር ውሃ 20 ግራም ካልሺየም ናይትሬት ተሟሙቶ ኮኮፒቱ በዚያ አደረ። ጠዋት እንደገና በዝናብ ውሃ ታጠበ።

መታጠቡ መብቃቱን ያወቅነው በፌጦ ነው። የጨው መለኪያ መሣሪያ በቤቱ የለም። ፌጦ ግን ገበያ ሁሉ አለ፤ ቶሎ ይበቅላል፣ ጨውና መርዝም ቶሎ ይታወቀዋል። በአንድ ስኒ ያልታጠበ፣ በሌላው የታጠበ ኮኮፒት ተደርጎ እኩል ፌጦ ተዘራባቸው። በታጠበው ላይ ሥሩ ነጭና ረጅም ሆኖ ወጣ። ባልታጠበው ላይ የበቀለው ጥቂት ነው፤ ሥሩም አጭርና ጫፉ ቡናማ ነበር። እናትየው ሁለቱን ስኒ መስኮት ላይ አስቀምጠው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር።

አራተኛው ቅልቅል ነው። ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበትን ፑሚስ፣ ማለትም ቀዳዳ የበዛበትን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በጆንያ አመጡ። በወንፊት ተነፍቶ ዱቄቱ ወጣ፤ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያለው ተመርጦ ታጠበ። ሰባት እጅ ኮኮፒት ከሦስት እጅ ፑሚስ ጋር ተቀላቀለ። ፑሚሱ ከሥር አልተነጠፈም፤ ከላይ እስከ ታች ተደባለቀ። ጠጠሩ ያላደረገውን ይህ የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ ክፍተቱ በመላው ባልዲ ውስጥ ስለሚሆን የጠገበው ንጣፍ ይሳሳል።

ነቅሎ መትከል የማይቻልባቸው ሁለት የቃሪያ ባልዲዎች ነበሩ፤ ፍሬ ይዘዋል። ለእነሱ ከአሮጌ መወልወያ ክር ተወስዶ በቂጥ ቀዳዳው በኩል ወደ ውስጥ ተገፋ፤ አንድ ስንዝር ያህል ከታች ተንጠለጠለ። ክሩ የጠገበውን ውሃ እየሳበ ያወርደዋል። ከተሰቀለ በኋላ ለብዙ ሰዓት ጠብ ጠብ ሲል ቆይቷል። እነዚያ ባልዲዎች «ውሃቸው ጠፍፏል» ተብለው የተተዉ ነበሩ።

የአጠጣጡ ደንብም ተቀየረ። ላዩን አይቶ ማጠጣት ቀረ። በጆሮው ይዞ ትንሽ ማንሳት ተተካ። ውሃ ጠጥቶ ጠፍፎ ያለቀለትን ባልዲ አንድ ጊዜ ያነሳ ሰው ክብደቱን እጁ ያውቀዋል። ከዚያ በግማሽ ያህል ሲቀል ይጠጣል። ሲጠጣ ደግሞ ከአምስት ጣሳ አንዱ ያህል በአሸንዳው እስኪወጣ ድረስ ነው፤ የሚወጣው ውሃ ጨዉን ይዞ ይሄዳል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ጨው ያጠራቅማል።

ምግቡን በተመለከተ ዩሪያ ቀረ። ኮኮፒት በራሱ ምግብ የለውም ማለት ይቻላል። በውሃ የሚሟሟ ሙሉ ማዳበሪያ በጣም ቀጥኖ፣ ካልሺየም ናይትሬት ደግሞ በሌላ ቀን ለብቻው ይሰጣል። ሁለቱ ወፍራም ሆነው በአንድ ዕቃ ከተበጠበጡ ካልሺየሙ ከፎስፌትና ከሰልፌት ጋር ተያይዞ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ ሥሩ አያገኘውም።

የሠራውና ያልሠራው

ቆስጣው ፈጥኖ ዳነ። አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ሰላጣው እንደ አዲስ ተዘርቶ በመስከረም ተበላ። ቃሪያው የድሮ ቅጠሉን አረገፈ፤ ከዚያ በኋላ ያፈራው ፍሬ ጫፉ ንጹሕ ነው። ዝንቦቹ ላዩ መጥፈፍ ሲጀምርና ስስ ፑሚስ ሲለብስ ቀነሱ፤ ጨርሰው ግን አልጠፉም።

እንጆሪው አልዳነም። እምብርቱ ድረስ በስብሶ ነበር። እንዲህ ያለውን ለማዳን መድከም ጊዜ ማባከን ነው፤ ተነቅሎ ተጣለ፣ የነበረበት ኮኮፒትም አብሮ ተጣለ።

የጥብስ ቅጠሉ ሁለተኛ ዕድል ተሰጥቶት ነበር። አዲስ ችግኝ፣ የታጠበ ኮኮፒት፣ ፑሚስ። አልሞተም፤ ግን አልወፈረም። ይህ ተክል ደረቅ እግር ይወዳል። በመጨረሻ ግማሽ አፈር ግማሽ ፑሚስ በሆነ ረጅም ጀሪካን ተተከለና ተመቸው። ኮኮፒት ለሁሉም ተክል አይደለም። ሰዎች በዚህ ነገር ላይ እልህ ሲጋቡ አያለሁ፤ አያስፈልግም።

የዕቃው ቁመትም ልዩነት አሳይቷል። የጠገበው ንጣፍ በጥልቁም በጥልቅ ባልሆነውም ዕቃ እኩል ስለሆነ፣ ዝቅ ያለው ዕቃ በድርሻው ሲታይ ይበልጥ ረግረግ ነው። በቁመታቸው የተሰነጠቁት ጀሪካኖች ለሰላጣና ለቆስጣ ተለዩ። ረጃጅሞቹ ባልዲዎች ለቃሪያና ለጤና አዳም ሆኑ።

አሸንዳው ሁለት ጊዜ ተደፍኗል። ደቃቅ ኮኮፒት ከአረንጓዴ አልጌ ጋር ተጋግሮ ማዕዘኑ ላይ ይቆማል። አሁን በየሳምንቱ በአሮጌ ጥርስ ቡሩሽ ይጠረጋል።

ጀሪካኑ ውስጥ ስለሚጠራቀመው ውሃ ክርክር ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚገኝበት ቤት እናትየው መድፋቱ አስቆጫቸው፤ መልሰን ለባልዲዎቹ እናጠጣው አሉ። ያ ግን የወጣውን ጨው መልሶ ማስገባት ነው። መሬት ላይ ላለ ዛፍ ግን ችግር የለውም፤ አፈሩም ዝናቡም ያቀጥነዋል። የታች ቤቷ አዛውንት ከሕንፃው ጀርባ የተከሏት ሎሚ አለች። ጀሪካኑ ሲሞላ ለእሷ ይወርዳል። አዛውንቷም «አብሽሪ፣ እኔው እመጣና አወርደዋለሁ» ማለት ጀምረዋል።

ያው ባልዲ ኮምቦልቻ ሲወርድ

የመምህርቷ እህት ኮምቦልቻ ትኖራለች። ከመስከረም በኋላ አራት ባልዲ በዚያው ቅልቅል ተሠርቶ ወረደላት። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ ከፍታዋ ግን ወደ 1,850 ሜትር ወርዷል፤ ሙቀቱም ሌላ ነው።

እዚያ የታየው ችግር ተቃራኒው ነው። በአንድ ቀን ይደርቃል። ከሰዓት በኋላ የቃሪያው ቅጠል ይጠወልጋል፤ ባልዲው ሲነሳ ባዶ ያህል ቀሎ ይገኛል። ስለዚህ ፑሚሱ ከሦስት እጅ ወደ አንድ እጅ ተኩል ተቀነሰ፤ ላዩ በደረቅ ሣር ተሸፈነ፤ በቀን አንድ ጊዜ የነበረው ውሃ ጠዋትና ማታ ሆነ። እህትየው በሞቃቱ ወራት ሳፋ ማስቀመጥ ፈለገች። የፈሰሰው በሰዓታት ውስጥ የሚመጠጥ ከሆነ አይጎዳም። ሲያድር እዚያው ካለ ግን መደፋት አለበት።

ከዚህ ቤት ወደ ሌላ ቤት የሚሄደው

ወደ ሌላ ቤት ስሄድ አሁን የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ተክሉ አይደለም። ከባልዲው ሥር የሚወጣው ውሃ የት እንደሚያርፍ ነው የምጠይቀው። ከሥር የሰው በረንዳ ካለ፣ ከመትከል በፊት አሸንዳው ይሠራል። ጎረቤት ከተቀየመ በኋላ የሚመጣው መፍትሔ ሁልጊዜ ውሃውን ማገት ነው።

ተክል ሲጠወልግ ውሃ ከመጨመር በፊት ባልዲውን ማንሳት። ከባድ ሆኖ ከጠወለገ ሥሩ ታፍኗል፤ ቀሎ ከጠወለገ ጠምቶታል። ቅጠሉ በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው።

የቅልቅሉን መጠን ከሌላ ሰው እንዳለ መቅዳት አይቻልም። የደሴው ለኮምቦልቻ አልሆነም፤ የኮምቦልቻው ለወረኢሉ ብርድ አይሆንም። አንድ ባልዲ ሠርቶ ማየት፣ ከዚያ ማብዛት ይሻላል።

ያልታወቀ ብሎክ ሲገዛ ያልታጠበ ነው ብሎ መነሳት ነው። ፌጦው ውሳኔውን ይሰጣል። እጥበቱ ክረምት ላይ ቢደረግ የዝናቡ ውሃ ነጻ ነው፤ ታጥቦ የደረቀ ኮኮፒት በጆንያ ታስሮ እስከ በጋ ይቀመጣል።

ገና የቀረው ሥራ

ኮኮፒት ዘላለማዊ አይደለም። ሁለት ሦስት ዓመት ሲሠራበት ጭረቱ እየተሰባበረ ይደቃል፤ ሲደቅ የጠገበው ንጣፍ እንደገና ይወፍራል። መምህርቷ በየዓመቱ ከክረምት በፊት አንድ ባልዲ ገልብጣ የጥቁሩን ንጣፍ ውፍረት በጣት ልትለካ ወስናለች። ከሁለት ጣት ካለፈ ሁሉም ተገልብጦ ይነፋል። ደቃቁ ወደ ሎሚዋ ሥር ይሄዳል፤ ጭረቱ ከአዲስ ኮኮፒት ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። መንፊያው ለፑሚሱ የተገዛው ወንፊት ስለሆነ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም።